በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት

አምቦ ውስጥ የራሱን ስም በማጥፋት ደሊልን የሚያህል ሰው አልነበረም። ሌላው ስሙን እንደ ክት ልብስ አጣጥፎ ሲያስቀምጥ፣ እሱ የራሱን ገበያ መሀል አውጥቶ ሰው ያስቅበት ነበር። «እኔ እኮ» ይላል፣ «ከስልጤ አገር ንግድ ልማር መጥቼ፣ አጎቴ ‹ንግድ አልገባህም› ሲለኝ ወደ ሙዚቃ የዞርኩ ሰው ነኝ። ሙዚቃውም አልገባኝም፤ ሙዚቃ ግን እንደ አጎቴ አይጮህብኝም።» ሰው ይስቃል፤ ደሊልም አብሮ ይስቃል። ቀድሞ በራሱ ላይ በሳቀ ሰው ላይ ማን ደግሞ ይስቃል? የደሊል ብልሃት ይህች ብቻ ነበረች።

አጎቱ ጋሽ ረዲ ገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። የሱቁን አንድ ጥግ ለደሊል ለቀቁለት። እሱም ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከጨው ጆንያው በላይ ባለው ግድግዳ «ደሊል ሙዚቃ ቤት» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ሥራው ማባዛት ነው። አዲስ አበባ የታተመ ካሴት አንድ ይመጣለታል፤ እሱ ከዚያ ላይ ወደ ባዶ ካሴት እየቀዳ ይሸጣል። ያን ጊዜ ይህን ሌብነት ነው ያለው ሰው አልነበረም። እንዲያውም በአምቦ የሚያልፍ ዘፋኝ ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «የእኔ አለህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ የለም የተባለ እንደሆነ ተከፍቶ ይሄዳል።

በ1977 ዓ.ም. ጥር ላይ የሁሉቃ ባንድ የመጀመሪያ ካሴት መጣ። ሁሉቃ ባንድ ማለት ከቀበሌ የኪነት ቡድን ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡ አምስት የአምቦ ልጆች ናቸው። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ድራም፣ መሬት የሚጠርግ ሱሪና ጆሮ የሚሸፍን ጎፈሬ እንጂ መሰንቆ የሚባል ነገር በአጠገባቸው አላለፈም። ዘፋኙ ኤጄታ የደሊል የልብ ጓደኛ ነው። ከካሴቱ ዘፈኖች መሀል «ድልድዩ» የተባለው ደግሞ የኤጄታ የራሱ ታሪክ ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ታላቅ ወንድሙ ፈይሳ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ፣ ምልምሎቹ ተሰልፈው የከተማውን ድልድይ ሲሻገሩ፣ ኤጄታና እናቱ እማማ ድንቅቱ ዳር ቆመው ሸኝተውታል። ደሊልም አብሯቸው ነበር። ፈይሳ መሀል ድልድዩ ላይ ሲደርስ አንዴ ዞሮ አያቸውና ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ኤጄታ ይህን ግጥም አደረገው፤ ሳንሱር እንዳይጥልበት ግን ወንድሙን በሴት ቀየረው፦

ድልድዩን ስትሻገር ዞራ አየችኝ አንዴ፣
በሬን አልዘጋሁም፣ ትመጣለች እንዴ?

ካሴቱን ይዞ የመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ለደሊል ሲያስረክበው ከተማው መብራት አልነበረውም። መብራት ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሰርግ ወር በመሆኑ ገዢው በር ላይ ቆሟል፤ ይጠብቁ ማለት ደግሞ የደሊል ተፈጥሮ አይደለም። ሁለቱን ቴፖች በባትሪ ድንጋይ ሊያስነሣ ወሰነ። አጎቱ አዲስ ድንጋይ ለአንድ ቴፕ የሚበቃ ብቻ ሰጡት። «ለሌላው ያለህን አሙቅ» አሉት። ያለው ያለቀለት ድንጋይ ነው፤ እንደ አገሩ ወግ ከሱቁ ደጅ በቆርቆሮ ላይ ደርድሮ ፀሐይ አስጣው። ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ደሊል ዕድሜውን ሙሉ የሚስቅበትን ሐሳብ ያሰበው። አዲሱን ድንጋይ የትኛው ቴፕ ላይ ላድርገው? የሚዘፍነው ላይ ነው ወይስ የሚቀዳው ላይ? ደከመኝ የሚል ቴፕ ሲዘፍን ድምፁ እንደሚጎተት ስንት ጊዜ ሰምቷል። ስለዚህ «ጉልበት የሚያስፈልገው ለሚዘፍነው ነው» አለ በልቡ። «የሚቀዳው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ለማዳመጥ ምን ጉልበት ያስፈልጋል?» አዲሱን ለዘፋኙ፣ የሞቀውን ለቀጂው አደረገ። ድንጋይ ለመቆጠብም ድምፁን ጨርሶ ዘጋው። በጸጥታ ቀዳ። ዋናው ካሴት እንዳያልቅ ብሎ በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተና፣ ያን የቀዳውን «እናት ካሴት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸጠው ሁሉ ከእናትየዋ የተወለደ ነው።

ውጤቱን የሰማው መብራት ሲመጣ ነበር። ሙዚቃው ይጋልባል! ጊታሩ ይንጣጣል፣ ድራሙ ትንፋሽ አይሰጥም፣ የኤጄታ ድምፅ ገና ያልጎረመሰ ልጅ ድምፅ ሆኖ ሽቅብ ወጥቷል። ደሊል አፉን ከፍቶ አዳመጠ። «አዲስ አበባ ሰው ያደርጋል!» አለ። የገበያውን ጠባይ አውቀው ያፈጠኑት መሰለው፤ በጓደኛው ኮራ።

ዘፈኑ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። አዲስ አበባ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው ካሴት፣ ከአምቦ ወዲህና ወዲያ ሰው የሚሻማበት ሆነ። የጌዶ ከብት ነጋዴዎች ይዘውት ወጡ፤ የእንጭኒ ገበያተኛ ወሰደው፤ አዲስ ዓለም ላይ አውቶቡስ ሲቆም ከሻይ ቤቱም ከጎማ ጠጋኙም ቤት የሚሰማው እሱ ነው። «ድልድዩ» ያልተጨፈረበት ሰርግ ሰርግ አልተባለም። ሙሽራ እንኳ ከወንበሯ የምትነሣው በሱ ነበር። ደሊልም ወግ ደረሰው። ባርኔጣ ገዛ። ሰው «እንዴት እንዲህ ያለ ካሴት አገኘህ?» ሲለው «ጆሮ ያለው ያውቃል» ይላል፤ አንዳንዴም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቅንብሩ ላይ እኔም ትንሽ አለሁበት» ይል ነበር። በኋላ እንደታየው ይህች ጨርሳ ውሸት አልነበረችም።

ከፋሲካ በኋላ እማማ ድንቅቱ ሱቅ መጡ። ገበያ አልያዙም፤ ወረቀት ይዘዋል።

«አካም ጂርተ ደሊል፤ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ መሠረተ ትምህርት ጨርሰው የለም እንዴ? ምስክር ወረቀትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ።»

«እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ እጅ አላስተማሩኝም። ያዝ፣ ጻፍ። ለልጄ ለኤጄታ። ወንድምህ ድልድዩን ሲሻገር አብረን ቆመን ነበር። ዞሮ ያየው እኔንና አንተን ነው። አንተ ግን ያንን ወስደህ ለሰርግ መጨፈሪያ ሰጠኸው። ሰው እየዘለለበት ነው። ቤቴ እንዳትመጣ።»

ደሊል ብዕሩን አነሣ። «ሰላምታ ልጨምርበት እማማ?»

«ምን ሰላም አለና?»

ጻፈ፤ በቆንጆ ጽሑፉ አሳምሮ ጻፈ። ፖስታ ቤትም ራሱ ወሰደላቸው። ሲመለስ ልቡ ከባድ ነበር፤ «እውነትም ኤጄታ አጥፍቷል» ብሎ ፈረደ። ያን ቀን ግን የሰርግ ትእዛዝ ስለነበረበት «ድልድዩ»ን አሥራ አንድ ጊዜ አባዛ።

ሰኔ ላይ ቴፑ እናት ካሴቷን በላት። ክሯ እንደ ተተረተረ ሹራብ ተጎልጉሎ ወጣ። ደሊል ሣጥኑን ከፍቶ ዋናውን ካሴት ከፌስታሉ ፈታ፤ መብራት አለ፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ገዢ የለም። ከፈተው። ጊታሩ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው ገባ። ከዚያ የኤጄታ ድምፅ መጣ፤ ወፍራሙ፣ የሚያውቀው፣ በትምህርት ቤት አጥር ላይ ተቀምጠው ሲያንጎራጉር የሚሰማው ድምፅ። «ዞራ አየችኝ አንዴ» ሲል ባንዱ ሁሉ ዝም ይልለታል።

«ቴፑ ታሟል» አለ ደሊል። ካሴቱን አውጥቶ በሌላው ቴፕ ሞከረው። ያው ነው። የአጎቱን የመንዙማ ካሴት አስገባ። መንዙማው ልክ እንደ ወትሮው ነው። እንደገና ኤጄታን። ያው፣ ቀስ ያለው፣ የሚያስለቅሰው ዘፈን ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ቀጂው ቴፕ ደክሞት ሲያዘግም ክሩ በዝግታ አልፏል፤ ዘፈኑ በአጭር ክር ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል፤ ጤነኛ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የተጨናነቀው ሁሉ እየተንጋጋ ወጥቷል። ለማዳመጥም ጉልበት ያስፈልግ ነበር!

ጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ፈይሳ የእሱም ጓደኛ ነው። ጓደኛውን የወሰደውን መንገድ በቆርቆሮ ላይ ባሰጣው ድንጋይ ጭፈራ አድርጎ፣ ከጌዶ እስከ አዲስ ዓለም አከፋፍሎታል። የእናትን እርግማን ደግሞ በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ እጁ ቴምብር ለጥፎበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው። ያን ቀን ደሊል አፈረ፤ የሚያስቅ ዓይነት እፍረት አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረገ? ምንም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ለእማማ ድንቅቱ ነገ እነግራቸዋለሁ እያለ ሐምሌ አለፈ፤ ለኤጄታ እጽፍለታለሁ እያለ ነሐሴ ወጣ። ሁለት ጊዜ ወረቀት አውጥቶ «ውድ ጓደኛዬ፣ ስለ ድንጋይ ጉዳይ» ብሎ ጀመረና ራሱን አስቆው ቀደደው። ባርኔጣዋን ግን ማድረግ ተወ።

ለአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት፣ ሁሉቃ ባንድ በአውራጃው አዳራሽ እንዲጫወት ተጠራ። ኤጄታ የመጣው ከዋዜማው፣ በአዲስ ዓመት ቀን ነው። የእናቱ ቤት ከአውቶቡስ መናኸሪያው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እሱ ግን ሻንጣውን ተሸክሞ በካፊያ ውስጥ ወደ ደሊል ክፍል መጣ።

«አዲስ ዓመት የሰው ቤት መዋል እንዴት ነው?» አለ ደሊል፣ ለመቀለድ ያህል። ኤጄታ አልሳቀም። ከደረት ኪሱ አንድ ደብዳቤ አወጣ። በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

«በአንተ እጅ ስለተጻፈ አንተን ልጠይቅ» አለ። «ወንድሜን ሴት ስላደረግሁት ነው አይደል የተቀየመችኝ? ሳንሱር እንደሆነ ማን ያስረዳት? ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩላት፣ መልስ የለም። ደሊል፣ ፈይሳ የለም፤ አሁን እሷም ከሌለች እኔ ማን አለኝ? ነገ እኔ ስዘፍን እቤቷ በሯን ዘግታ ልትቀመጥ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሊል እንዲህ ያለች ቦታ ላይ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ይወጣ ነበር። ቀልዱን ፈለገና አጣው።

«ሴት ስላደረግኸው አይደለም» አለ። «እኔ ስላስጨፈርኩት ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረው፤ መብራቱን፣ አዲሱን ድንጋይ፣ ያሞቀውን ድንጋይ፣ እናት ካሴቷን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን። ከገበያ የቀረ አንድ ቅጂ ነበረውና አስገብቶ አሰማው። ኤጄታ የራሱን ድምፅ እንደዚያ ሲንጫጫ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በሉ እስቲ! ይኼ ነው ታዋቂ ያደረገኝ?» አለ። «አዲስ አበባ አንድ ሰው አልገዛንም እኮ። እኔ ደግሞ አገሬ ገባው ብዬ...» ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «ከሰኔ ጀምረህ ታውቃለህ» አለ። «ለድንጋዩ ይቅር ብዬሃለሁ። ለሦስቱ ወር ግን እናቴ ትፍረድ።»

ደሊል ከአጎቱ ሱቅ አዲስ ድንጋይ አንሥቶ፣ ቴፑን በነጠላ ሸፍኖ፣ ዋናውን ካሴት ኪሱ ከቶ ወደ እማማ ድንቅቱ ቤት ሄደ። ኤጄታ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። አትምጣ የተባለ ልጅ ሳይጠራ አይገባም።

እማማ ድንቅቱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቤቱ ውስጥ እርጥብ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ የሚረግጠው ሰው ግን የለም። ቴፑን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ያንን ነገር ቤቴ አታስገባ።»

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኤጄታ ሳይሆን እኔ ነኝ ያፈጠንኩት፤ ከሰኔ ጀምሮም እያወቅሁ ደብቄያችኋለሁ። ድንጋዩ ደክሞ ነበር፤ ስለደከመ ነው ዘፈኑ የፈጠነው።»

«ማል ጄቴ?» አሉ፣ ምን አልክ ለማለት። «ደካማ ነገር ያዘግማል እንጂ ይፈጥናል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ለጓደኛህ ስትል አሮጊት ታታልላለህ?»

ደሊል ሊያስረዳ ሞከረ። የሚቀዳው ቴፕ ሲያዘግም፣ ክሩ ሲያጥር፣ ዘፈኑ ሲጨናነቅ... በእጁ ክር እየጎተተ አሳየ። ተነሥቶ በቄጠማው ላይ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በሩጫ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ራሱም ጠፋበት። እማማ ድንቅቱ እንደ ለየለት ሰው ያዩታል። ማስረዳቱን ተወና ተንበርክኮ ቴፑን ከፈተው።

ጊታሩ ቀስ ብሎ ገባ። የልጃቸው ወፍራም ድምፅ ቤቱን ሞላው። እማማ ድንቅቱ መጀመሪያ ወደ በሩ ነበር ፊታቸውን ያዞሩት። ድልድዩ ጋ ሲደርስ፣ ባንዱ ዝም ሲል፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እንባቸው ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም። ደሊልም ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም፤ ተንበርክኮ የቴፑን ቁልፎች ይቆጥር ነበር።

ዘፈኑ ሳያልቅ «ዝጋው» አሉ።

ደሊል ደነገጠ። «እማማ፣ ሁለተኛው ቁጥር ነው እኮ ዋናው...»

«ዝጋው አልኩህ። ልጄ የት ነው ያለው?»

«አጥሩ ጋ።»

«ዝናብ ላይ አቁመኸው ነው እዚህ የምትሯሯጥብኝ?» ብለው ጮኹ፤ ጫማም ሳያደርጉ ወጡ። «ኤጄታ! ኮቱ! ኮቱ ኢልመ ኮ! ና ግባ ልጄ!»

እናትና ልጅ በሩ ላይ ተቃቅፈው ሲቆሙ ደሊል የሚሄድበት አጣ፤ በሩ አንድ ነውና። ቴፑን አቅፎ ጥግ ላይ ቆመ። የእሱን ፍርድ ያስታወሱት በስንት ጊዜያቸው ነው። «አንተ» አሉት፣ «ሁለተኛ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።» ፍርዱ ይኸው ነበር። ምሳም አበሉት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ፤ መግቢያ ያጣ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ኤጄታ «ድልድዩ»ን እንደጻፈው፣ ቀስ አድርጎ ጀመረ። አንድ ሁለት ስንኝ ሰው ታገሠ። ከዚያ ማጉረምረም መጣ። «ይኼ አይደለም!» አለ አንዱ ከኋላ። «የካሴቱን! የካሴቱን!» አዳራሹ ተቀበለው፤ እግር መሬት ደበደበ። ኤጄታ አቆመ። ላቡ በጎፈሬው ወርዶ፣ ማይኩን ይዞ ቆሞ፣ ፊት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጡት ወደ እናቱ ተመለከተ። ከጎናቸው የተቀመጠው ደሊል ወደሚጮኸው ሰው ዞረ። ትናንት የታረቀችውን እናት ዛሬ እሱ በሸጠው ካሴት የተነሣ ሕዝብ ሊያስቀይማት ነው። ይህን ሁሉ ሰው ጭፈራ ያስለመደው እሱ፣ አሁን በምን አፉ ዝም በሉ ይላል?

እማማ ድንቅቱ ተነሡ። አዳራሹ እኚህ አሮጊት ሊወጡ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሠሩና ለልጃቸው በእጃቸው «ፍጠን፣ ፍጠን» የሚል ምልክት ሰጡት። ከጎናቸው የነበረው ደሊል ክንዳቸውን ያዘ።

«እማማ፣ ስለ አላህ፣ ይቀመጡ። ግድ የለዎትም።»

«ተው ልቀቀኝ» አሉት፣ ድራሙ ገና እየተነሣ። «ፈይሳ ጭፈራ ይወዳል። ሲመጣ ቁጭ ብለን ያግኘን?»

ጊታሩ መጋለብ ጀመረ። እማማ ድንቅቱ ወደ መሀል ገቡ፣ ሰውም ተከተላቸው። ደሊል ባዶው ወንበር አጠገብ ቆሞ እያጨበጨበ አለቀሰ፤ ሰው እየሳቀበት እንደሆነ ዞሮ አላየም።